የሚያጉረመርመው በገናው ነው ወይስ መብራቱ?

ከመሐል ሜዳ አንድ ወጣት በስልክ ሥዕል ላከልኝ። በድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር የወጣ ስፔክትረም ነው፤ ግራው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ጉብታ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየሳሳ የሚወርድ መስመር፣ ሌላ ምንም። አያቱ በገና ሲደረድሩ የቀዳው ነው። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ ቅጂው ውስጥ አንድ የሚያጉረመርም ነገር አለ። ሥዕሉን ሳየው ግን ጉብታው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የሚያጉረመርመው በገናው ራሱ ነው ማለት ነው? ይህንንስ ለአያቴ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ድምፅ በመቅዳትና በማረም ስለምተዳደር ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም። መዝሙር፣ የሠርግ ዘፈንና ትረካ ቤታቸው ውስጥ የሚቀዱ ወጣቶች በዝተዋል፤ ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል። ስፔክትረም የሚያወጣውን ትእዛዝ ሁሉም ያውቁታል። ከሥዕሉ ግርጌ የተደረደሩትን ማስተካከያዎች ግን የሚነካቸው ጥቂት ነው። እኔ ያንኑ የግማሽ ደቂቃ ቅጂ ይዤ ሦስት ማስተካከያ ብለዋውጥ ሦስት የማይመሳሰሉ ሥዕሎች አወጣለሁ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። ወጣቱ ያየው አንድ ጉብታም እውነት ነበር። የጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ለመሆኑ ስፔክትረም ምንድን ነው?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። አንድ የበገና አውታር በሰከንድ 61 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ድግግሞሹ 61 ኸርዝ ነው እንላለን፤ ኸርዝ «በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም። ጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይጎረናል፣ ሲበዛ ይቀጥናል።

ነገር ግን አንድ ድግግሞሽ ብቻ ያለው ድምፅ በተፈጥሮ እምብዛም አይገኝም። አውታሩ በ61 ሲንቀጠቀጥ በ122፣ በ183፣ በ244 እያለ የብዜቶቹንም ድምፅ አብሮ ያወጣል። በበገና ላይ ደግሞ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባ ትንሽ ቆዳ አለች፤ እንዝራ ትባላለች። አውታሩ እርሷን እየነካካ ያንን በገናን በገና ያሰኘውን ዝዝታ ይፈጥራል፣ ከላይ ያሉትንም ብዜቶች ያበረታቸዋል። በትንሽ ስልክ በገና መስማት የቻልነው በእነርሱ ምክንያት ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ 61 ኸርዝን ማውጣት አይሆንለትም፤ ጆሯችን ብዜቶቹን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

ስፔክትረም ይህን ድብልቅ ለያይቶ ይሰፍራል፤ ከጎተራ በወጣ እህል ውስጥ ስንት ስንዴ፣ ስንት ገብስ፣ ስንት እንክርዳድ እንዳለ ለይቶ እንደ መስፈር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ድግግሞሹ፣ ከታች ወደ ላይ ብርታቱ ይነበባል። ስፔክትሮግራም የሚባለው ደግሞ ጊዜን ይጨምራል፦ ከግራ ወደ ቀኝ ሰከንዱ፣ ከታች ወደ ላይ ድግግሞሹ፣ ብርታቱ በቀለም። በእርሱ ላይ የመብራት ጉርምርምታ ቀጥ ብሎ የተጋደመ መስመር ነው፤ ነፋስ ከታች የሚተራመስ ጉም፣ በር ሲንኳኳ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰንበር።

ማንኛውም ውስብስብ ሞገድ ከቀላል ሞገዶች ድምር ሊሠራ ይችላል የሚለው ሐሳብ የፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉርየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 ያቀረበው፣ በ1822 በመጽሐፍ ያሳተመው ግን ስለ ሙቀት ሲያጠና ነበር፤ ድምፅ ዋና ጉዳዩ አልነበረም። ስሌቱ ለረጅም ጊዜ አድካሚ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1965 ጄምስ ኩሊና ጆን ቱኪ የተባሉ አሜሪካውያን ፈጣኑን የስሌት ዘዴ አሳተሙ። ዛሬ ሶፍትዌሮች ኤፍ ኤፍ ቲ እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ 65536 ቁጥሮችን በቀጥታ ለመተንተን 4.3 ቢሊዮን ያህል ማባዛት ሲጠይቅ፣ በፈጣኑ ዘዴ ወደ 1 ሚሊዮን ይወርዳል። ዘዴው ለሁለት ለሁለት እየከፈለ ስለሚሠራ ነው ሶፍትዌሩ 512፣ 1024፣ 2048 እያለ በእጥፍ የሚያድጉ ቁጥሮችን ብቻ የሚያቀርብላችሁ።

«ሳይዝ» የሚለው ቁጥር ምን ያደርጋል?

ከሁሉም የሚበልጠው ማስተካከያ ይህ ነው። በብዙዎች ዘንድ የታወቀውን ኦዳሲቲ የተባለ የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ብንወስድ «አናላይዝ» ከሚለው ዝርዝር «ፕሎት ስፔክትረም» ሲመረጥ ከሥዕሉ ሥር «ሳይዝ» የሚል ሣጥን ይወጣል። ሌሎች ሶፍትዌሮች «ኤፍ ኤፍ ቲ ሳይዝ» ወይም «ዊንዶው ሳይዝ» ይሉታል፤ ነገሩ አንድ ነው።

ኮምፒውተር ድምፅን የሚይዘው እንደ ቁጥር ተራ ነው። በተለመደው አሠራር ከማይክሮፎኑ የሚመጣው ሞገድ ከፍታ በሰከንድ 44100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። «ሳይዝ» ታዲያ ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ ስንት ናሙና አንሥቶ እንደሚመረምር ይወስናል። ያ ቁራጭ «መስኮት» ነው። በ1024 ናሙና መስኮቱ 23 ሚሊሰከንድ ያህል ይረዝማል፤ ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜም ያነሰ ነው።

አሁን አንዲት ማካፈል ብቻ አስቡልኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ነገር ባትይዙ እንኳን ይህችን ያዙ። 44100ን በሳይዙ አካፍሉት። ለ1024 ውጤቱ 43 ኸርዝ ነው። ይህ ማለት ሥዕሉ የተሠራው በየ43 ኸርዙ ከተቀመጡ ቋቶች ነው፦ 43፣ 86፣ 129 እያለ። ከአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ጉርምርምታ 50 ኸርዝ ላይ ነው፤ ጅረቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ። የአያትየው ዝቅተኛ አውታር 61 ላይ ነበር። ሁለቱም እዚያው 43 ቋት አካባቢ ተቃቅፈው ወደቁ። የወጣቱ ሳይዝ 1024 ላይ ተቀምጦ ስለነበር አንድ ጉብታ ወጣ።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ በገና ወይም ክራር የቃኘ ሰው መልሱን በጆሮው ያውቀዋል። ሁለት አውታሮች ተቀራርበው ግን ሳይገጥሙ ሲቀሩ አብረው ሲመቱ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ልዩነታቸው 2 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ ሁለት ጊዜ፣ 11 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ 11 ጊዜ። ቃኚው ልዩነቱን የሚያውቀው ቢያንስ አንዱን ከፍ ዝቅ ጠብቆ ሲሰማ ነው። አውታሩን መትቶ ወዲያው በእጁ ቢያፍነው አንድ መሆናቸውንም ሁለት መሆናቸውንም መናገር አይችልም። በ50 እና በ61 መካከል ያለው ከፍ ዝቅ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ91 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የሰማው 23 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በምን ይለየው?

ሳይዙን ወደ 4096 ስናሳድገው መስኮቱ 93 ሚሊሰከንድ፣ ቋቱ 10.8 ኸርዝ ይሆናል፤ ጉብታው ይሾላል እንጂ አይከፈልም። በ8192 ላይ ትከሻ ማውጣት ይጀምራል። በ16384፣ ማለትም በ0.37 ሰከንድ መስኮትና በ2.7 ኸርዝ ቋት፣ ሁለት ጫፎች ተለይተው ይቆማሉ፦ አንዱ 50 ላይ፣ ሌላው 61 ላይ። ሁለት ድምፅ ተለይቶ እንዲታይ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት፣ ይበልጡን አራት ቋት ያህል ርቀት መኖር አለበት ብላችሁ ብትይዙት አትሳሳቱም። ቅጂያችሁ በ48000 የተቀዳ ከሆነ የምታካፍሉት 48000ን ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትልቁን አንመርጥም?

65536ን ምረጡና ስፔክትሮግራሙን ተመልከቱ። ቋቱ 0.67 ኸርዝ ሆኖ ደቅቋል፤ መስኮቱ ግን አንድ ሰከንድ ተኩል ሊሞላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጣቶች ስንት አውታር ይመታሉ! ሁሉም በአንድ ቁራጭ ውስጥ ስለታጨቁ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም፤ ምት የነበረው ቀጥ ያለ ሰንበር ተንጣሎ ጭጋግ ይሆናል።

ተቃራኒውን ጫፍ ለማየት ወደ አንኮበር እንውረድ። በዚያ ገደል አካባቢ የአንኮበር ሴሪን የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ወፎች በሺህ በሚቆጠር ኸርዝ ላይ እየዘለሉ ያዜማሉ፤ አንዷ ዝላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ልትቆይ ትችላለች። ለእርሷ የሚሻለው ሳይዝ 512 ወይም 256 ነው። በ512 መስኮቱ 11.6 ሚሊሰከንድ፣ ቋቱ 86 ኸርዝ ነው። 5000 ኸርዝ ላይ ለምትዘምር ወፍ 86 ኸርዝ ከቁብ አይገባም፤ ለበገና ግን 86 ኸርዝ ብዙ አውታር የሚያሳልፍ ሰፊ ሜዳ ነው።

ይህ መነጣጠቅ የሶፍትዌር ድክመት አይደለም፤ ውድ ሶፍትዌር ቢገዛም አይቀርም። ድግግሞሽን ጠንቅቆ ለማወቅ ረዘም አድርጎ መስማት ይጠይቃል፣ ረዘም አድርጎ ከሰሙ ደግሞ ድምፁ መቼ እንደመጣ ይደበዝዛል።

እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ልጠቁም። «ዜሮ ፓዲንግ» የሚል ማስተካከያ አለ። ከቁራጩ በኋላ ባዶ ቁጥሮችን ይቀጥልና መስመሩን ለስላሳ ያደርገዋል። ሲያዩት ጥራት የጨመረ ይመስላል፤ ነገር ግን ፎቶን በኮምፒውተር ማጉላት ማለት ነው። ያልተነሣ ሰው በማጉላት አይገኝም፣ አንድ የነበረው ጉብታም ሁለት አይሆንም።

ሃን፣ ሃሚንግ፣ ብላክማን፦ እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው?

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ የውጭ ስም አይቶ ሣጥኑን ይዘጋዋል። አስቸጋሪ ግን አይደለም፤ የደብረ ብርሃንን የበግ ጠጉር ስጋጃ ያየ ሰው ይገባዋል።

ስሌቱ አንድ ግትር ግምት አለው፦ የተሰጠው ቁራጭ ያለ ማቋረጥ እየተደጋገመ የሚቀጥል ይመስለዋል። ሰንበር ያለው ረጅም ስጋጃ ወስዳችሁ በመቀስ አንድ ክንድ ቆርጣችሁ ጫፍና ጫፉን ብትሰፉት ምን ይሆናል? መቀሱ ያረፈው በሰንበሩ መካከል ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ጌጡ አይገጥምም፤ ቀይ ከጥቁር ይላተማል። በድምፅም እንዲሁ ነው። ሞገዱ እየወጣ ሳለ ቁራጩ ካለቀ፣ መገጣጠሚያው ላይ ድንገተኛ ዝላይ ይፈጠራል። በቅጂው ውስጥ ያልነበረው ይህ ዝላይ በሥዕሉ ላይ ከአንድ ጫፍ ዙሪያ ግራና ቀኝ የሚፈስ ቀሚስ ሆኖ ይታያል። ባለሙያዎች ፍሳሽ ይሉታል።

መድኃኒቱ የቁራጩን ሁለት ጫፎች ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ማክሰም ነው። ጫፎቹ ከሳሱ መገጣጠሚያው አይላተምም። «ሃን»፣ «ሃሚንግ»፣ «ብላክማን ሃሪስ» የሚባሉት የዚህ ማክሰሚያ የተለያዩ ቅርጾች ናቸው፤ ስማቸውንም ያገኙት ከሰዎች ነው። ሃን ለምሳሌ የኦስትሪያ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። «ሬክታንጉላር» ማለት ምንም ሳያከስሙ በመቀስ እንደተቆረጠ መተው ነው።

ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። በሬክታንጉላር ትልቁ ፍሳሽ ከዋናው ጫፍ 13 ዴሲቤል (የብርታት መለኪያ ነው) ብቻ ዝቅ ይላል፤ የዋናውን አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። በሃን 31 ዴሲቤል ይወርዳል፣ ከዚያም እየራቀ ሲሄድ በፍጥነት ይከስማል። በብላክማን ሃሪስ 92 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ወደ አርባ ሺህኛ የሚጠጋ ነው። ታዲያ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ፍሳሹ ሲቀንስ ጫፉ ራሱ ይወፍራል፦ በሬክታንጉላር ሁለት ቋት የነበረው በሃን አራት፣ በብላክማን ሃሪስ ስምንት ይሆናል።

እኔ በሃን እጀምራለሁ፤ ለአብዛኛው ሥራም በእርሱ እጨርሳለሁ። ብላክማን ሃሪስን የማነሣው በጣም ከሚጮህ ድምፅ ጎን የተደበቀ በጣም ደካማ ድምፅ ስፈልግ ነው፤ ያኔም ጫፉ ስለሚወፍር ሳይዙን አንድ ደረጃ ከፍ አደርጋለሁ። በሬክታንጉላር ግን የማይታወቅ ቅጂ መመርመር አያዋጣም።

ጫፎቹ ሲከስሙ እዚያ የነበረው ድምፅ ባክኖ አይቀርም ወይ ትሉ ይሆናል። ለዚህ ነው መስኮቶቹ በጣራ ላይ እንዳለ ቆርቆሮ እየተደራረቡ የሚሄዱት፤ አንዱ ያከሰመውን ቀጣዩ በመካከሉ ይይዘዋል። «ኦቨርላፕ» የሚል ማስተካከያ ካያችሁ ይኸው ነው፤ 50 ወይም 75 በመቶ ይበቃል።

በገናው የት ጠፋ?

ሳይዙን አስተካክላችሁ አሁንም ምንም ካልታያችሁ «አክሲስ» የሚለውን ተመልከቱ። «ሊኒየር» ከሆነ ሥዕሉ ከ0 እስከ 22050 ኸርዝ ያለውን እኩል እኩል አድርጎ ያከፋፍላል። በገናው መሠረቱን የሚጥለው ከ200 ኸርዝ በታች ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ስፋት አንድ በመቶ አይሞላም። የኮምፒውተራችሁ ሥዕል አንድ ሺህ ነጥብ ቢሰፋ አያትየው የሚጫወቱበት ስፍራ ዘጠኝ ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ነፋስና ዝዝታ ነው።

«ሎግ» ስትሉት ሥዕሉ እንደ ጆሮ ይሆናል። ጆሮ ከ50 ወደ 100 እና ከ5000 ወደ 10000 የሚደረገውን እርምጃ እኩል አድርጎ ነው የሚሰማው፤ እጥፍ እጥፍ ነውና። በሎግ ከ20 እስከ 200 ያለው ከሥዕሉ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል። ሊኒየር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ብዜቶች እኩል እየተራራቁ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈው የሚታዩት በእርሱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጉርምርምታ ከ50 ተነሥቶ 100፣ 150፣ 200 እያለ መሄዱን ለማረጋገጥ ወደ ሊኒየር እመለስና የመጀመሪያውን 1000 ኸርዝ ብቻ አቀርባለሁ።

ቀለሙ ከደመቀ ድምፁ ጮኸ ማለት ነው?

በዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ በድፍረት እናገራለሁ።

ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ነው። በኮምፒውተር ላይ 0 ጣራው ነው፤ ከእርሱ በላይ የለም፤ ሁሉም ከታች በኔጌቲቭ ይቆጠራል። 6 ዴሲቤል ዝቅ ሲል ሞገዱ በግማሽ፣ 20 ዝቅ ሲል ወደ አሥረኛ፣ 60 ዝቅ ሲል ወደ ሺህኛ ይወርዳል። በስፔክትሮግራም ላይ «ሬንጅ» የሚለው ማስተካከያ ከላይ እስከ ታች ስንት ዴሲቤል በቀለም እንዲታይ ይወስናል። 80 ሲሆን ከዚያ በታች ያለው ደካማ ድምፅ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። 120 ስታደርጉት ያው ቅጂ፣ ያው ዝምታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለም ይንቦገቦጋል።

እኔ ከዓመታት በፊት እንዲህ የተንቦገቦገ የአንድ በገና ቅጂ ሥዕል አይቼ «ቅጂው በጫጫታ ተሞልቷል» ብዬ የጫጫታ መቀነሻውን በኃይል ለቀቅሁበት። ሥዕሉ ጠራ። ድምፁን ስሰማው የእንዝራው ዝዝታ የለም፤ በገናው በውኃ ውስጥ የሚደረደር ይመስላል። መሣሪያው ጥፋት የለበትም። ዝዝታው በብዙ ድግግሞሽ ላይ የተበተነ ስለሆነ ለሶፍትዌር ከጫጫታ ጋር ይመሳሰልበታል። ሬንጁን ስለለጠጥኩ ማንም ጆሮ የማይሰማውን ነገር ጠላት አድርጌ ተነሣሁበት፣ ወዳጁንም አብሬ ጠረግሁ። ያልታረመው ቅጂ ግልባጭ ባይኖረኝ ኖሮ ደርዳሪውን ሽማግሌ ተመልሼ ማስቸገሬ ነበር።

ሌላም ብዙ የማይታወቅ ነገር አለ። ሳይዙን በእጥፍ ባሳደጋችሁ ቁጥር የነፋሱና የሽሽታው (ያ ሳያቋርጥ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ) መስመር 3 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ የመብራቱ ጫፍ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሽሽታ በሁሉም ድግግሞሽ ላይ የተዘራ ስለሆነ ቋቶቹ ሲበዙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ ጉርምርምታ ግን በአንድ ድግግሞሽ ላይ ስለተተከለ ያው ቋት ሙሉውን ይቀበለዋል። ከ1024 ወደ 16384 አራት እጥፋት ነው፤ ሽሽታው 12 ዴሲቤል ወረደ ማለት ነው። በሁለት የተለያዩ ሳይዞች የወጡ ሥዕሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህኛው ማይክሮፎን ጸጥ ይላል» ማለት ስለዚህ አይቻልም። ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሁሉንም ማስተካከያ አንድ አድርጉ።

የቅጂውን የትኛውን ክፍል ልምረጥ?

ፕሎት ስፔክትረም የመረጣችሁትን ክፍል በመስኮት ቆራርጦ አማካዩን ነው የሚያሳየው። ሙሉ መዝሙሩን ከመረጣችሁ የሁሉም አውታሮችና የሁሉም ትንፋሾች አማካይ ይወጣል፤ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። የመረጣችሁት ከመስኮቱ ካጠረ ደግሞ ሶፍትዌሩ አይበቃኝም ይላል።

ጉርምርምታን ለመያዝ ብልሃቱ ዝምታን መምረጥ ነው። ደርዳሪው ገና እጁን ሳያነሣ፣ ቤቱ ብቻ የሚሰማበትን ሁለት ሦስት ሰከንድ ምረጡ። በዚያ ውስጥ 50 ላይ ጫፍ ካለ በገናው ንጹሕ ነው፤ ገና አልተነካም እኮ! ስለዚህ ስትቀዱ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ምት በፊት አምስት ሰከንድ ያህል ዝም አሰኙ። ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ ራሱ ዝም ሲል አይታይም፤ ቢሆንም የነፋሱን ጉም ከመብራቱ ሹል ጫፍ ለመለየት ችግር የለም።

ሥዕሉ ለምን 22050 ላይ ይቆማል?

በናሙና የሚያዘው ከፍተኛው ድግግሞሽ የናሙናው ቁጥር ግማሽ ስለሆነ ነው፤ አንድ ንዝረት ለመያዝ ከፍታውንም ዝቅታውንም፣ ቢያንስ ሁለት ነጥብ መለካት ያስፈልጋል። ይህ ለአንድ ነገር ይጠቅማል፦ በከፍተኛ ጥራት የተቀዳ ነው ተብሎ የተሰጣችሁ ፋይል 16000 ኸርዝ አካባቢ ላይ በቢላዋ እንደተቆረጠ ድንገት ከጠፋ፣ በሆነ ጊዜ በኤም ፒ ስሪ ታምቆ የነበረ መሆኑን ጠርጥሩ። 4000 ላይ ከቆመ በስልክ መስመር ያለፈ ይመስላል። ፋይሉን መልሶ በትልቅ ቁጥር ማስቀመጥ የተቆረጠውን አይመልሰውም።

የመሐል ሜዳው ጉርምርምታ ምን ሆነ?

ለወጣቱ ሳይዙን 16384፣ ማክሰሚያውን ሃን፣ አክሲሱን ሎግ አድርጎ ከመጀመሪያው ምት በፊት ያለውን ዝምታ እንዲመርጥ ነገርኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሥዕሉ ደረሰ፦ 50፣ 100፣ 150 ላይ ሦስት ሹል ጫፎች፤ 61 ላይ ምንም። «እንግዲህ መብራቱ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበረ። ላፕቶፑ በቻርጀር ላይ ነበርና ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ እንዲቀዳ፣ የማይክሮፎኑንም ገመድ ከመብራት ገመድ እንዲያርቅ መከርኩት።

በማግሥቱ አዲስ ቅጂ ላከ። 50 ላይ የነበረው ጫፍ ከሽሽታው በታች ሰምጧል። 61 ላይ የአያትየው አውታር ብቻውን ቆሟል፤ ከላዩም ብዜቶቹ እስከ ሦስት ሺህ ኸርዝ ድረስ ጥርስ በጥርስ ተሰልፈዋል። ወጣቱ ግን አሁን ዓይኑ ስለተከፈተ ሌላ ነገር አይቶ ነበር። አሥረኛው ብዜት በመዝሙሩ መጀመሪያ ላይ 610 ኸርዝ ላይ ነው፤ በመጨረሻው 600 ላይ። መሠረቱ ከ61 ወደ 60 ወርዷል ማለት ነው፤ እዚያ ታች አንዷ ኸርዝ በ2.7 ቋት ውስጥ ተሰውራ አትታይም፣ አሥረኛው ብዜት ላይ ግን አሥር ጊዜ በዝታ አራት ቋት ልትሞላ ነው። የአንጀት አውታሩ እየላላ ነበር።

«ለአያቴ ሥዕሉን አሳየኋቸው» ብሎ ጻፈልኝ። «መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና ‹ይህንንማ ከሦስተኛው ስንኝ ጀምሮ እየሰማሁት ነበር፤ አንተ ቅዳ ብለህ ስለተቀመጥክ አላቋረጥኩህም› አሉኝ።»